የጤና ጽሑፎችና የፕሮፓጋንዳ ስልቶቻቸው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጤና ዱቄቶች፣ መጠጦችና የአመጋገብ ፋሽኖች የሚጻፉ የማግባቢያ ጽሑፎችን እንዴት እንደምናነብ ለሚጠይቁ የተሰጡ መልሶች ናቸው፤ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮፓጋንዳ የፖለቲካ ነገር አይደለም እንዴ? ከጤና ጽሑፍ ጋር ምን አገናኘው?

ቃሉ መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን ነበር። የሮማው ሊቀ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 15ኛ በ1622 እምነትን ለማስፋፋት ባቋቋሙት ጉባኤ ስም ውስጥ እናገኘዋለን፤ ትርጉሙም ማስፋፋት፣ ማሠራጨት ነው። የጦርነትና የፖለቲካ ሽታ የተጣበቀበት ኋላ፣ በተለይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። ዛሬ ፕሮፓጋንዳ ስንል የምንናገረው ስለ ጉዳዩ ሳይሆን ስለ አሠራሩ ነው። አንባቢው ማስረጃውን መዝኖ ከመወሰኑ በፊት ልቡን ቀድሞ የሚይዝ አጻጻፍ፣ ጉዳዩ ምርጫም ይሁን የማር ማሰሮ፣ ያው ፕሮፓጋንዳ ነው።

ስልቱ ወደ ምግብና ጤና ከገባም አንድ መቶ ዓመት ሊሆነው ነው። በጦርነቱ ጊዜ ለአሜሪካ መንግሥት የቅስቀሳ ሥራ የሠራው ኤድዋርድ በርኔይስ፣ በ1920ዎቹ የአሳማ ሥጋ ለሚሸጥ ኩባንያ ተቀጠረ። እርሱ ራሱ እንደተረከው፣ ለ5,000 ያህል ሐኪሞች ደብዳቤ ተጽፎ «ከበድ ያለ ቁርስ ይሻላል ወይስ ቀለል ያለ?» ተብለው ተጠየቁ፤ 4,500 ያህሉ ከበድ ያለው ይሻላል አሉ። ወሬው ከአሳማ ሥጋና ከእንቁላል ጋር ተጣምሮ በጋዜጦች ተሠራጨ። ሐኪሞቹ ስለ አሳማ ሥጋ የተጠየቁት ነገር አልነበረም። ውሸት የተናገረ ሰው የለም፤ አንባቢው ግን ሐኪሞች የአሳማ ሥጋ አዘዙ ብሎ አመነ።

ታዲያ ማስታወቂያ ሁሉ ፕሮፓጋንዳ ነው?

አይደለም። «ንጹሕ የጎጃም ማር፣ ኪሎው ይህን ያህል ብር፣ በዚህ ሱቅ ይገኛል» የሚል ማስታወቂያ የሚሸጠውን ይናገራል፣ መግዛት ያለመግዛቱ የእኛ ነው። ነገሩ የሚለወጠው ማሩ ካንሰርን እንደሚከላከል፣ ይህን የማያውቅ ሰው ደግሞ ኋላ ቀር እንደሆነ መናገር ሲጀምር ነው።

በብዛት የሚታዩት ስልቶች የትኞቹ ናቸው?

በ1937 ክላይድ ሚለር የተባሉ መምህር ከሌሎች ጋር ሆነው ኒው ዮርክ ውስጥ የፕሮፓጋንዳ ጥናት ተቋም አቋቁመው ነበር። ተቋሙ እስከ 1942 ብቻ ቢቆይም፣ ለተራው አንባቢ የለያቸው ሰባት ስልቶች እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ስልቶቹን አንድ በአንድ ከመዘርዘር ይልቅ በየቀኑ ከምናያቸው ጽሑፎች አምሳያ ራሴ ባቀናበርኩት አንቀጽ ላይ ማየቱ ይሻላል፦ «እኔም እንደ እናንተው ተራ የቤት እመቤት ነኝ። ለዓመታት ድካም አልለቅ ብሎኝ ሲያሰቃየኝ፣ እነዚያ የክኒን ነጋዴዎች ኪሴን ከማራቆት በቀር የፈየዱልኝ የለም። አያቶቻችን የሚያውቁትን፣ አሁን ደግሞ የውጭ ሳይንቲስቶች የመሰከሩለትን ይህን ንጹሕና ተፈጥሯዊ ዱቄት ከጀመርኩ ወዲህ ግን እንደገና ተወለድኩ። በሺዎች የሚቆጠሩ እህቶቻችን ጀምረዋል። እናንተስ ምን ትጠብቃላችሁ? የቀረው ጥቂት ነው።»

«እኔም እንደ እናንተው» የሚለው የተራ ሰው ልብስ መልበስ ነው፤ ሻጭነቷ እንዳይታየን ጎረቤት ሆና መጣች። «የክኒን ነጋዴዎች» ስም መለጠፍ ነው፤ ሐኪሙ የተናገረውን ከመመርመር ሐኪሙን ማስጠላት ይቀላል። «ንጹሕ» እና «ተፈጥሯዊ» አንጸባራቂ ቃላት ናቸው፤ ማንም አይቃወማቸውም፣ ምን ማለት እንደሆኑም ማንም አይጠይቅም። አያቶቹና ሳይንቲስቶቹ የተጠሩት ለክብራቸው ሲባል ነው፤ ዱቄቱ የሌለውን ክብር ከእነርሱ ይዋሳል። «እንደገና ተወለድኩ» ምስክርነት፣ «በሺዎች የሚቆጠሩ» ደግሞ የሰልፍ ጥሪ ነው። ሰባተኛው በአንቀጹ ውስጥ አይታይም፣ ምክንያቱም የሚሠራው በመቅረት ነው። መጠኑ ስንት ነው? ያልጠቀማቸው ስንት ናቸው? ከምን መድኃኒት ጋር ይጋጫል? ይህ መርጦ ማሳየት ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው እርሱ ነው። «የቀረው ጥቂት ነው» የሚለው ጥድፊያ በ1937ቱ ዝርዝር ውስጥ የለም፣ ዛሬ ግን ያለ እርሱ የሚጻፍ ጽሑፍ ብርቅ ነው።

አሁን ጌጡን ሁሉ አውልቀን የቀረውን እንጻፈው፦ «ይህ ዱቄት ድካምን ያስወግዳል።» የትኛውን ድካም? የደም ማነስ ያመጣውን ነው፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክ ያመጣውን፣ ወይስ የእንቅልፍ ማጣቱን? በስንት ቀን? በምን ተለክቶ? አንድ ጽሑፍ እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅልሎ ሲጠየቅ መልስ ካጣ፣ ቀድሞም የያዘው ነገር አልነበረም። እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከዚህ ነው፤ የስልቶቹን ስም ማወቅ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

«መርዝ ያስወጣል» የሚለው ለምን በየጽሑፉ ይገኛል?

የትኛው መርዝ እንደሆነ ስለማይነገር ነው። ስሙ ያልተጠራ መርዝ አይለካም፤ ያልተለካ ነገር ደግሞ አልወጣም ተብሎ ሻጩ አይጠየቅም። እርሳስ በደም ውስጥ መኖር አለመኖሩ በላቦራቶሪ ይታወቃል፣ ሕክምናውም በሐኪም የሚሰጥ ነው። የሎሚና የዝንጅብል ጭማቂ የሚያሻሽጠው ጽሑፍ ግን ጉበትና ኩላሊት ሌት ተቀን የሚሠሩትን ሥራ ለጭማቂው ይሰጥና ሂሳቡን ከእኛ ይቀበላል። በ2009 በብሪታንያ ሴንስ አባውት ሳይንስ ከተባለ ድርጅት ጋር የሚሠሩ ወጣት ሳይንቲስቶች ሰውነት ያጸዳሉ የተባሉ 15 ምርቶችን መርጠው አምራቾቹን ማስረጃ ጠየቁ። በቂ ማስረጃ ያቀረበ አልተገኘም፤ «ማጽዳት» ምን ማለት እንደሆነ እንኳ ሁለት ኩባንያዎች አንድ ዓይነት ትርጉም አልሰጡም።

ከቃሉ ጀርባ የቆመው ፍርሃት ነው፤ ፍርሃት መሸጥ ደግሞ የቆየ ሙያ ነው። ሊስተሪን የተባለው የአፍ መጉመጥመጫ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሠራ የቁስል ማጽጃ ነበር። በ1920ዎቹ ማስታወቂያ ጸሐፊዎቹ «ሃሊቶሲስ» የሚል እንደ በሽታ ስም የሚያስፈራ ቃል አንሥተው፣ ሰው በአፉ ጠረን ምክንያት ሳያገባ እንደሚቀር ይጽፉ ጀመር። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንዲሉ፣ ፍርሃቱንም መድኃኒቱንም የሚያቀርበው አንዱ እጅ ነበር። ይኸው ምርት ጉንፋን ይከላከላል እየተባለ ለአሥርት ዓመታት ከተሸጠ በኋላ፣ በ1975 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጉንፋን እንደማይከላከል በራሱ ማስታወቂያ ላይ እንዲናገር አዘዘው። እርማቱ እውነት ነበር፤ የመጣው ግን ሁለት ትውልድ ካመነ በኋላ ነው።

ተፈጥሯዊ ከሆነ ምን ይጎዳል?

ይህን ጥያቄ የደምቢያና የፎገራ ገበሬ አይጠይቅም። ጓያ ተፈጥሯዊ ነው፤ ድርቅ ሲመጣ ሌላው እህል ከስሞ እርሱ ይቆማል፣ ሰውም ለወራት እርሱን ብቻ ይበላል። ከዚያ እግር ይተሳሰራል፣ ሽባነቱም አይመለስም። በፍሬው ውስጥ ያለው ነርቭ ጎጂ ንጥረ ነገር በፋብሪካ የተቀመመ አይደለም። ኮሶንም እናስታውስ፤ አያቶቻችን ለኮሶ ትል ሲጠጡት መጠኑ ከበዛ እንደሚጎዳ ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር ለማንም በማንኛውም ቀን አይሰጡትም ነበር። ዛሬ «የአያቶቻችን ጥበብ» እያለ የሚጽፈው ሰው የወረሰው ስማቸውን ብቻ ነው፤ ጥንቃቄያቸው ቀርቷል።

ራዲየምም ተፈጥሯዊ ነው። በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ራዲቶር የሚባል ራዲየም የተቀላቀለበት ውሃ ብርታት ይሰጣል ተብሎ በትንንሽ ጠርሙስ ይሸጥ ነበር። ኢበን ባየርስ የተባሉ ባለጸጋ የፋብሪካ ባለቤት ከሺህ በላይ ጠርሙስ ጠጥተው፣ የመንጋጋ አጥንታቸው ፈራርሶ በ1932 ሞቱ። ጥያቄው ከየት መጣ የሚል መሆን የለበትም። ምን ያህል፣ ለማን፣ ለስንት ጊዜ ብለን መጠየቅ አለብን።

ሐኪም ራሱ ሲመክረው እያየሁ ለምን እጠራጠራለሁ?

ሐኪሙን መጠራጠር አይደለም፤ ነጩ ጋወን ምን እየሠራ እንዳለ መጠየቅ ነው። ከ1946 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ካሜል የተባለው ሲጋራ «ከሌላው ሲጋራ ይልቅ ሐኪሞች የሚያጨሱት ካሜልን ነው» እያለ ለዓመታት አስተዋውቋል። በሥዕሉ ላይ ጋወን የለበሰ ደስ የሚል ሰው ሲጋራ ይዞ ይታያል። የሐኪሙ ክብር ያለ ምንም ማስረጃ ወደ ትንባሆው ተሻገረ።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ሰውየው የሚናገረው በሠለጠነበት ሙያ ነው? የጥርስ ሐኪም ስለ ስኳር በሽታ ሲናገር እንደ ማንኛውም የተማረ ሰው ነው። ከሚሸጠው ነገር ገቢ ያገኛል? ደግሞስ በእርግጥ እርሱ ነው? ዛሬ የታወቁ ሐኪሞችን ፊትና ድምፅ በኮምፒውተር አስመስሎ ያልተናገሩትን ማናገር ቀላል ሆኗል። ሐኪሙ በሚሠራበት ሆስፒታል ወይም በራሱ ገጽ ላይ ያው ምክር ካልተገኘ አይቀበሉት።

«በጥናት ተረጋግጧል» ይላል። ሳይንስ ካልሆነ ታዲያ ምን ይባል?

ጥናት መኖሩና ጥናቱ የተባለውን መናገሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአረንጓዴ ቡናውን ታሪክ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገረው፤ ቡና የእኛ ስለሆነ ብዙ ሰው በኩራት ሲያጋራው ስላየሁ ነው። በ2012 ካልተቆላ ቡና የተጨመቀ ንጥረ ነገር ያለ ስፖርት፣ ያለ አመጋገብ ለውጥ ክብደት ይቀንሳል የሚል ወሬ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታወጀ፣ እንክብሉም በየመደብሩ ተሸጠ። ወሬው ተደግፎ የቆመው ሕንድ ውስጥ በ16 ሰዎች ላይ ብቻ በተሠራ ጥናት ነበር። ፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ሲመረምር የተሳታፊዎቹ ክብደትና ሌሎች አኃዞች ተደጋግመው መለዋወጣቸውን ገለጠ። ጥናቱን ያሠራው ኩባንያ በ2014 3.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ በዚያው ዓመት ጸሐፊዎቹ ጥናታቸውን ከመጽሔቱ ሳቡ። እንክብሉን የሚያሞግሱ ጽሑፎች ግን አልተሳቡም፤ ዛሬም ይነበባሉ።

ስለዚህ ጥናት ተጠቅሶ ሲያዩ፣ የተሠራው በሰው ላይ ነው ወይስ በአይጥ ወይም በብርጭቆ ውስጥ ባሉ ሕዋሳት ላይ ብለው ይጠይቁ። በብርጭቆ ውስጥ የካንሰር ሕዋስን የሚገድል ነገር ብዙ ነው፤ በረኪናም ይገድላል። ቀጥሎ የተሳታፊዎቹን ቁጥር፣ ከምን ጋር እንደተነጻጸሩና ገንዘቡን ማን እንዳወጣ ይዩ። ጥናቱ የት እንደታተመ የማይናገር «ሳይንቲስቶች አረጋገጡ» ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ይወድቃል።

የዳነ ሰው እየመሰከረ እንዴት አላምንም? ሰው ይዋሻል ማለት ነው?

አንዳንዱ ይዋሻል። ቤል ጊብሰን የተባለች አውስትራሊያዊት የአንጎል ካንሰሯን በምግብ እንደተቆጣጠረች እየጻፈች ዝናና ገንዘብ አገኘች። በ2015 ካንሰር ኖሯት እንደማያውቅ አመነች፤ በ2017 ፍርድ ቤት 410,000 የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣት። የሚያሳዝነኝ ቅጣቷ አይደለም፤ እርሷን አምነው ከሕክምና ስለ መራቅ ያሰቡ እውነተኛ ሕሙማን ናቸው።

አብዛኛው መስካሪ ግን ከልቡ ነው የሚናገረው። ችግሩ ያልመሰከሩትን አለማየታችን ነው። መቶ ሰዎች አንድ ዱቄት ቢጠጡ፣ አሥሩ ቢሻላቸው፣ ሰማንያው ለውጥ ባያዩ፣ አሥሩ ቢብስባቸው፣ የምናነበው የአሥሩን ደስታ ነው። ዝም ያለው አይጽፍም፤ የባሰበት አልጋ ላይ ነው፤ የሞተ ደግሞ አስተያየት አይሰጥም። ከእያንዳንዱ ምስክርነት ጋር የሌሎቹን ዘጠና ወንበሮች ባዶነት ማየት ልማድ ይሁንልን።

ይህን ያህል ሕዝብ ሊሳሳት ይችላል?

ይችላል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የተባለው ለዚህ ነው። በ2020 መጋቢት አካባቢ ኮሮና ወደ አገራችን ሲገባ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ዝንጅብል በአዲስ አበባ ገበያ ዋጋቸው እንዴት እንዳሻቀበ ሁላችንም እናስታውሳለን። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ጤናማ ምግብ ቢሆንም ከቫይረሱ እንደሚከላከል ማስረጃ እንደሌለ ከዚያ በፊት ተናግሮ ነበር። ነገር ግን ከአምስት ዘመድ የመጣ አንድ ዓይነት መልእክት አምስት ማስረጃ ይመስላል፤ ምንጩ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል።

መደጋገም ብቻውን እንደሚያሳምን በሙከራ የታየ ነገር ነው። በ1977 ሦስት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰዎች ደጋግመው የሰሙትን ዓረፍተ ነገር፣ እውነትም ይሁን ሐሰት፣ አዲስ ከሰሙት ይልቅ እውነት ነው ብለው እንደሚገምቱ አሳዩ። «የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ» የሚል ስሜት ሲመጣብዎ፣ ያ ስሜት የማስታወስዎ ምልክት እንጂ የነገሩ እውነትነት ምልክት አይደለም።

የባህል መድኃኒታችንን መጠራጠር ራሳችንን መናቅ አይሆንም?

ጥያቄው የሚያምም ነው፣ ሻጮቹም ሕመሙን ያውቁታል። «ፈረንጅ የናቀው የአባቶቻችን መድኃኒት» ተብሎ ሲጻፍ፣ ዱቄቱን መጠየቅ አገርን መካድ ይመስላል። ይህም ክብር መዋስ ነው፤ የተዋሱት ግን የአገርን ክብር ስለሆነ መከላከሉ ይከብዳል።

መልሱን የሰጡን ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በ1964 አድዋ ውስጥ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ፤ በሽታው ደግሞ የሚተላለፈው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነው። «እናቶቻችን ያውቁ ነበር» ብለው ማሸጊያ አላሠሩም። ስንት እንዶድ በስንት ውሃ ስንት ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለኩ፣ ሌላውን ሕይወት ይጎዳ እንደሆነ እንዲመረመር ለዓመታት ደከሙ፣ ከውጭ የመጣውን ጥርጣሬም በሙከራ መለሱ። በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የሚጠራ የፓቶባዮሎጂ ተቋም አለ። ቻይናዊቷ ቱ ዮዮም እንዲሁ ከጥንት የሕክምና ጽሑፍ ተነሥተው የወባ መድኃኒቱን አርቴሚሲኒን አግኝተው በ2015 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል።

ዳማከሴ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሽፈራው፣ ጤና አዳም እንዲህ ያለ ክብር ይገባቸዋል። የሚናቃቸው ሳይመረምር የሚሸጣቸው ነው እንጂ መጠናቸውን የሚጠይቅ አይደለም።

የምኖረው አሜሪካ ነው። ጠርሙሱ ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ስም ስላለ ተፈቅዷል ማለት ነው?

ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ከ1994ቱ ሕግ ወዲህ፣ ስለ ጤና ጥቅማቸው የሚናገሩ፣ በእንክብል ወይም በዱቄት መልክ የሚሸጡ ተጨማሪ ምግቦች (ሳፕሊመንት) «ይህ አባባል በምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ አልተገመገመም፤ ምርቱ ማንኛውንም በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለመፈወስ ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም» የሚል ማሳሰቢያ መያዝ አለባቸው። የመሥሪያ ቤቱ ስም የተጻፈው አለመገምገሙን ለመናገር ነው። ጠርሙሱን ወደ አገር ቤት ለእናታቸው የሚልኩ ልጆች ቢያንስ ይህቺን መስመር በአማርኛ ተርጉመው አብረው ይላኩ።

የጤና ባለሥልጣናትስ ይህንኑ ስልት አይጠቀሙም?

አንዳንድ ጊዜ ይጠቀማሉ፣ ይህን መሸሸግ አልፈልግም። በ1995 የብሪታንያ መድኃኒት ቁጥጥር አንዳንድ አዳዲስ የወሊድ መከላከያ ክኒኖች በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን በእጥፍ እንደሚጨምሩ አስጠነቀቀ። ቃሉ እውነት ነበር፤ ከ7,000 ሴቶች አንዷ ላይ የሚደርሰው ሁለት ላይ መድረሱ ነው። «በእጥፍ» የሚለውን የሰሙ ብዙ ሴቶች ግን ደንግጠው ክኒኑን ጣሉ፣ በቀጣዩ ዓመት ያልታሰበ እርግዝናና ውርጃ ጨመረ። ስለዚህ «በእጥፍ»፣ «50 በመቶ» የሚል ሲያነቡ፣ ከማንም ይምጣ፣ ከስንት ወደ ስንት ብለው ይጠይቁ።

ልዩነቱ ያለው በተጠያቂነት ላይ ነው። ታማኝ የጤና መልእክት መጠኑን፣ ጉዳቱንና ለማን እንደማይሆን ይናገራል፤ ሲሳሳት እርማት ያወጣል፤ እንዲመረመር ይፈቅዳል። የዱቄቱ ሻጭ ሲጠየቅ ጠያቂውን ከቡድኑ ያስወጣል። እነዚህን ሁለቱን «ሁሉም ያው ናቸው» ብሎ አንድ ላይ መጣልም ራሱ የሚሸጥ ሐሳብ ነው፤ ሚዛን ሁሉ የተሰበረ መስሎ ከታየን የሚያሸንፈው ድምፁ የጎላው ነው።

እኔ ራሴ ሞክሬው ሠርቶልኛል። ተታልያለሁ ማለት ነው?

የተሻለዎት እውነት ነው፤ ማንም ሊክድብዎ አይገባም። የሚጠየቀው ምክንያቱ ነው። ድካም፣ የወገብ ሕመም፣ የሆድ መነፋት፣ የቆዳ ማሳከክ ከፍ ዝቅ የሚሉ ናቸው። ሰው አዲስ ነገር የሚሞክረው ደግሞ በጣም በባሰበት ቀን ነው፤ ከባሰ ቀን በኋላ የሚመጣው ቀን ብዙውን ጊዜ ይሻላል፣ ዱቄት ተጠጣም አልተጠጣም። በዚያ ላይ ዱቄቱን የጀመረ ሰው ለስላሳ መጠጥ ይተዋል፣ ውሃ ያበዛል፣ በጊዜ ይተኛል። ምስጋናው ሁሉ ግን ገንዘብ ለተከፈለበት ይሄዳል።

ለራስዎ ማወቅ ከፈለጉና ነገሩ የታዘዘ መድኃኒት ካልሆነ፣ ለሁለት ሳምንት ዱቄቱን ብቻ ትተው ሌላውን ይቀጥሉ፤ በየማታው ስሜትዎን በቁጥር ይመዝግቡ። ከዚያ ጽሑፉን ሳይሆን ማስታወሻዎን ያንብቡ።

እናቴ በቤተሰብ ቡድን ውስጥ በየቀኑ እንዲህ ያለ ነገር ትልካለች። ሳላስቀይማት ምን ልበላት?

በሁሉም ፊት «ውሸት ነው» አይበሏት። ያኔ የምትከላከለው ዱቄቱን ሳይሆን እናትነቷን ነው። የላከችው ስለምታስብልዎ መሆኑን አስቀድመው ይመኑ፤ እንዲህ ያሉ ጽሑፎች የሚጓዙት በፍቅር ተጭነው ነው፣ ስለዚህም ነው የሚከብዱት።

እኔ ይህን የተማርኩት በአክስቴ ነው። ስለ ሽፈራው ቅጠል የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ አንብባ የደም ግፊት ክኒኗን ለሦስት ሳምንት አቁማ ነበር። በስልክ ተቆጣሁ፣ ጥናት ቆጠርኩ፣ «እሺ ልጄ» ብላ ዘጋችው፤ ክኒኑን ግን አልጀመረችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤቷ ሄድኩና ቡናው እስኪፈላ ጽሑፉን አብረን ጮክ ብለን አነበብነው። «እትዬ፣ ስንት ማንኪያ ይላል?» አልኳት፤ ፈለገች፣ አጣችው። «ክኒን የሚወስድ ሰው ምን ያድርግ ይላል?» እርሱንም አጣችው። ከታች የስልክ ቁጥርና ዋጋ አገኘች። ቁጥሩን በጣቷ ነክታ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ የግፊት መለኪያውን ከጎረቤት እንዳመጣላት ላከችኝ። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ስናየው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄድን። ሽፈራውን አልተወችም፤ በሐኪሟ ፈቃድ እንደ ጎመን በወጥ ውስጥ ትበላዋለች፣ ክኒኗንም በሰዓቱ ትውጣለች። አሁን በቡድናችን ውስጥ አዲስ ጽሑፍ ሲመጣ «ስንት ማንኪያ ይላል?» ብላ የምትጠይቀው እርሷ ናት።